ያለመነሳት ልምምድ

ኦዜላ ታርቨር የልጇን የእሑድ ሱሪ ገልብጣ ጭኗ ላይ ዘረጋችና ኪሶቹን አንድ በአንድ ሰፋቻቸው። ክሩን ደርባ፣ ስፌቱን አጠባብቃ ነበር የምትሰፋው። ኤልሮይ በሩን ተደግፎ ሲያያት ቆየና፣

«እማማ፣ እጄን የት ላስገባ ነው እንግዲህ?» አላት።

«የትም። ባንኮኒው ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ሁሉም ሰው እያየው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያች የአላባማ ከተማ፣ በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ጥቁር ልጅ ነጮች ብቻ ከሚስተናገዱበት ባንኮኒ ሄዶ ከተቀመጠ ፖሊስ መጥቶ ይፈትሸዋል። ሲፈትሽ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ጩቤ ሊያገኝ ይችላል። ጩቤው ቀድሞ እዚያ መኖር አለመኖሩ ሌላ ጥያቄ ነው። ከተሰፋ ኪስ ግን ምንም አይወጣም፤ ወደ ተሰፋ ኪስም ምንም አይገባም። ኦዜላ የሰው ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ስለኖረች ኪስ ምን ምን ጉድ እንደሚይዝ ታውቃለች። ትንባሆ፣ ምስማር፣ ባል ከሚስቱ የደበቀው ነገር ሁሉ በእጇ አልፏል። ስለዚህ ዝግጅቱን ከኪስ ጀመረች።

ከኪስ ቀጥሎ ጸጉር መጣ። የሴት ልጇ የዊላዲን ጸጉር በብረት መያዣ ነበር የሚያያዘው። እናቲቱ መያዣዎቹን ሁሉ ነቅላ በጥብጣብ ቀየረቻቸው፤ ብረት ሹል ነው፣ ሹል ነገር ደግሞ መሣሪያ ሊባል ይችላል። ጉትቻዋን አወለቀችላት፤ ጆሮ ይዞ ለሚጎትት ሰው እጀታ ነውና። ጥፍሯን ቆረጠችላት። ከውስጥ ሁለት ሁለት ልብስ እንዲደርቡ ነገረቻቸው፤ እስር ቤት ቀዝቃዛ ነው፣ ቅያሪም የለም። እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ሆነው ሲያዩአቸው የሚያስደንቁ ናቸው። ልጅን ለሠርግ ከማዘጋጀት ብዙም አይለዩም፤ መታጠቡ፣ መተኮሱ፣ ጸጉር መሠራቱ ሁሉ አለ። ልዩነቱ ልጁ የሚዘጋጀው ለመመታት መሆኑ ነው።

ኦዜላ ባሏ እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ውስጥ ከሞተ ጀምሮ ሁለቱን ልጆች ያሳደገችው በካውያ ነው። በከተማው ካሏት ደንበኞች ትልቁ ሚስተር ካትካርት፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነበር። የእሱን ሸሚዞች ትተኩሳለች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ባለው የመስተንግዶ ባንኮኒ ላይ ቡናና አይስክሬም የሚያቀርቡት ልጆች የሚለብሷቸውን ነጭ ጃኬቶች ስታርች ውስጥ ነክራ፣ እንደ ካርቶን አድርቃ፣ ቅዳሜ ጠዋት በቅርጫት ይዛ በኋላ በር ታስገባለች። ልጆቿ ሊቀመጡበት ያሰቡት ባንኮኒ እንግዲህ ይኸው ነው። ጥቁር ሰው ከካትካርት መድኃኒት መግዛት ይችላል፣ ማበጠሪያ መግዛት ይችላል። ተቀምጦ ለስላሳ መጠጣት ግን አይችልም።

ልጆቹ መጀመሪያ ነገሩን ሲነግሯት ጥቂት ቀን አሰበችበት። ስለ ዊላዲን አይደለም የተጨነቀችው። ዊላዲን ዝምተኛ ናት፤ ስትናደድ ታለቅሳለች፣ ታልፋለች። ጭንቋ ኤልሮይ ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ የነጭ ልጅ ብስክሌቱን በርግጫ ሲመታበት ኤልሮይ እጁን አነሳ። ጎረቤት ደርሶ ባይዘው ያሳርፍበት ነበር። እጁን ስላነሳ ብቻ እንኳ ወሬው እስኪበርድ በርሚንግሃም አጎቱ ዘንድ ከርሞ ነው የመጣው። ኦዜላ ነገሩን በልኩ አስቀመጠችው። ኤልሮይ ባንኮኒው ላይ እጁን ካነሳ ወደ ቤቱ አይመለስም። ካላነሳ ይመለሳል።

«እንድትሄዱ ፈቅጃለሁ» አለቻቸው በመጨረሻ። «ግን ኤልሮይ፣ እጅህን መግዛትህን ካላየሁ ከእኔ ጋር ቤት ትቀራለህ። ምለህ አይደለም የምታሳምነኝ። አሳየኝ።»

ልምምዱ የሚካሄደው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ነበር። የምትመራው ከአትላንታ የመጣች የኮሌጅ ተማሪ፣ ሚስ ሊኔት የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ረጅም ጠረጴዛ ባንኮኒ ሆነ፣ ወንበሮች ተደረደሩ፣ የሚሄዱት ልጆች ተቀመጡ፣ የቀረው ሰው ነጭ ሆነ። እንዲህ ነው የሚሠራው። ነጭ የሆነው ሰው ይሳደባል፣ ይገፋል፣ ውኃ ይደፋል፣ የሲጋራ ጢስ ፊት ላይ ይተፋል። የተቀመጠው ሰው አይመልስም፣ አይነሳም። ወንበሩን ከስሩ ቢስቡበት እንዴት እንደሚወድቅ ይማራል፤ ጉልበትን ወደ ሆድ፣ ክንድን በራስ ላይ፣ ጀርባን ወደ ባንኮኒው። ሲጎትቱት ሰውነቱን እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ይለቃል። በመጀመሪያ ቀን ጨዋታ ይመስላል። ሲደጋገም ግን ሰውየው በውስጡ ምን እንዳለ እሱም ያየዋል፣ ሌላውም ያየዋል።

ዲያቆን ፐርቪስ የተባሉት ሽማግሌ ወፍራምና ድምፀ ጎርናና ስለሆኑ ነጭ እንዲሆኑ ተመረጡ። ወደ ዊላዲን ተጠግተው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱና፣

«አንቺ! ማን ነው እዚህ ያስቀመጠሽ?» ብለው ጮኹ። ወዲያው ጎንበስ አሉና፣ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ አስደነገጥኩሽ?»

«ዲያቆን፣ ይቅርታ አይጠይቁ!» አለች ሚስ ሊኔት።

«እሺ፣ እሺ። ተነሺ ከዚህ፣ አንቺ...» ቃሉን ፈለጉት፣ አጡት። «አንቺ ባለጌ!»

ዊላዲን ብድግ አለች። ወንበሯንም በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሽማግሌው አዞረችላቸው።

ምድር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ አፍራ፣ «ቆመው አየኋቸዋ!» አለች። «ዲያቆን ፐርቪስ ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

ይህን ስህተት የሚሠራው በደንብ ያደገ ልጅ ብቻ ነው። በታርቨር ቤት ደግሞ ትልቅ ሰው ሲገባ ልጅ ይነሳል፤ እናት ሸክም ይዛ ከገባች ልጅ ተነስቶ ይቀበላታል። ኦዜላ ይህን ያስተማረችው በቃል ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ ኤልሮይ ትንሽ ልጅ ሳለ እሷ የእርጥብ ልብስ ገንዳ ይዛ ስትገባ ተቀምጦ ቢያያት፣ ገንዳውን አስቀምጣ በእርጥብ ፎጣ ጀርባውን ሞሸለቀችው። ከዚያ ወዲህ የእግሯን ኮቴ ሲሰማ ነው የሚነሳው። አሁን ልጆቹ ሁሉ ሲስቁ እሷ አልሳቀችም። ያስተማረችውን ነገር መልሳ መንቀል እንዳለባት የገባት ያኔ ነው።

«ዲያቆን፣ ይቀመጡ» አለች ተነስታ። «እርስዎ አይሆንልዎትም። እኔ ልሞክረው።»

ኦዜላ ድምፅ አላነሳችም። ወደ ጠረጴዛው ቀርባ ኤልሮይን ከጫማው እስከ ራሱ አየችው፣ የካትካርት ሚስት በስታርች ያልጠነከረ አንገትጌ እንደምታየው። ቀስ ብላ፣ ሳቅ እያለች፣ ሃያ ዓመት በየማድቤቱ ስትሰማው የኖረችውን ተናገረች። ነጮች ጥቁርን የሚሰድቡባትን፣ ያቺን የማትጠራ ቃልም ጠራቻት። አባቱን ጠቅሳ ሰደበችው። የውኃ ብርጭቆ አንስታ ራሱ ላይ አፈሰሰችበት። ዊላዲን ማልቀስ ጀመረች፤ ዲያቆኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወለሉን ያዩ ጀመር። ኤልሮይ ግን አልተነቃነቀም። ውኃው በአገጩ እየተንጠባጠበ ፊት ለፊቱን ያያል።

«ጎበዝ» አለች ሚስ ሊኔት። «እንዲህ ነው!»

ኦዜላ ብርጭቆውን አስቀመጠችና ለጥቂት ጊዜ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። «በእኔ ስድብ አይነሳም» አለች። «ይህንን ቀድሞም አውቀዋለሁ። ሌላ ነገር ነው የሚያስነሳው።»

«ምን?»

«ቅዳሜ እኔም እዚያ ነኝ። ጃኬቶቹን ይዤ እገባለሁ።»

«ያን ቀን ሌላ ሰው ይላኩዋ፣ ሚስ ኦዜላ።»

«ሌላ ሰው ልኬ አላውቅም፣ የኔ ልጅ። ያን ቀን ብቀር ካትካርት ይጠረጥራል፤ ቁርሱን ሳይጨርስ የፖሊስ አለቃው ሸሪፉ ይሰማል።» ከጥግ አንድ ባዶ ቅርጫት አንስታ የሰዎቹን ካፖርቶች ጨመረችበት። «ዲያቆን፣ ይህችን ብቻ ያድርጉልኝ። ሳልፍ ቅርጫቱን ይምቱት። ስድብ አያስፈልግም።»

ዲያቆኑ እያዘኑ ቅርጫቱን መቱት። ካፖርቶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ኦዜላ ተንበርክካ መልቀም ጀመረች። የመጀመሪያውን ሳታነሳ ኤልሮይ አጠገቧ ተንበርክኮ ነበር።

ማንም አልሳቀም። ሚስ ሊኔት ወደ ኦዜላ አየች፤ ኦዜላም ወደ ልጇ።

«አላወቅሁም» አለ ኤልሮይ። «እግሬ ነው የተነሳው።»

«አውቃለሁ» አለች እናቱ። «እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምዱ ወደ ቤት ገባ። ሥርዓቱ ቀላል ነበር። ኤልሮይ ማድቤት ውስጥ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። ኦዜላ ገንዳ፣ ቅርጫት፣ የማገዶ እንጨት፣ የሚከብድ ነገር ሁሉ ይዛ በፊቱ ታልፋለች። አንዳንዴ ሆን ብላ ትጥላለች። እሱ አይነሳም። መጀመሪያ ላይ በያንዳንዱ ጊዜ ይነሳ ነበር። ኦዜላ እንደ ሥራዋ ሁሉ ነገሩን በጥንቃቄ አጠናችው። መነሳቱ ከፊቱ ወይም ከእጁ አይጀምርም፤ ከቀኝ ተረከዙ ነው የሚጀምረው። ተረከዙ ከወለሉ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ሁሉም ይከተላል። ስለዚህ ተረከዙን ስታይ፣ ሳትቆጣ፣ ወደሱ ሳትዞር፣ «እኔ እንደሆን አልቸኩልም» ትላለች። ተረከዙ ይወርዳል። ካውያን ለማቀዝቀዝ ሁሉንም ውኃ ውስጥ መክተት አያስፈልግም፤ ጫፉን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ መንካት ይበቃል።

«ይመችህ!» ትለዋለች ዊላዲን፣ እሷ እንጨቱን እየተሸከመች። «አብዮት ማለት የኔ ወንድም ተጎልቶ እኔ ስሠራ ነው።»

«ቀንተሽ ነው። ባላባት ሆኛለሁ።»

«ባላባት! እንዳትለምደው ብቻ። እማማ፣ ቅዳሜ ካለፈ በኋላ በፎጣው ይመልሱት።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ሚስ ኦፌሊያ ሳያንኳኩ ገቡ። ኦዜላ በውኃ የተሞላ ገንዳ ይዛ እየተንገዳገደች፣ ኤልሮይ እንደ ዳኛ ተቀምጦ እያየ አገኟቸው። ሚስ ኦፌሊያ በነጮች ቤት ምግብ አብሳይ ናቸው፤ ደግ ናቸው፣ ምላሳቸው ግን አይታሰርም። ስለዚህ ምንም አልተነገራቸውም ነበር።

«ጌታ ሆይ፣ ምን ዘመን ላይ ደረስን!» ብለው ገንዳውን ከኦዜላ ነጠቁ። «አንተ! ይሄን ያህል አጥንት ይዘህ እናትህ ተሸክማ ተቀምጠህ ታያታለህ? አባትህ ቢኖር...»

ኤልሮይ ጆሮው ጋለ። ተረከዙ ተነሳ።

«እግሩን አሞት ነው ሚስ ኦፌሊያ» አለች ኦዜላ ቶሎ ብላ። «እኔ እንደሆን አልቸኩልም።»

ተረከዙ ወረደ። ኤልሮይ አንገቱን ደፍቶ፣ «አዎ ሚስ ኦፌሊያ፣ አሞኝ ነው» አለ። ሚስ ኦፌሊያ አፈሩ፤ ወደ ቤታቸው ሮጠው ሄዱና የካምፎር ቅባት በቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። እዚያው ተንበርክከው ጉልበቱን አሹት። ሽታው ቤቱን ሞላው። ዊላዲን ሳቋን ለመዋጥ ጓሮ ወጣች። ኦዜላ ግን የልጇን ፊት እያየች ነበር። ትልቅ ሴት እግሩ ስር ተንበርክካ፣ ያላጠፋውን ጥፋት ተቀብሎ፣ ተቀመጠ። እጁን እንደገዛ አየች፤ የዚያን ዕለት ኪሱ የተሰፋውን የእሑድ ሱሪውን ተኮሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ቀድመው ወጡ። እሷም ሰዓቷን ጠብቃ ጃኬቶቹን አጣጥፋ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሳ፣ ቅርጫቷን ይዛ በኋላ በር ገባች። ከዕቃ ቤቱ ወደ ሱቁ የሚያስገባውን በር በትከሻዋ ስትከፍት ጩኸቱ ተቀበላት።

ስድስት ነበሩ። ጀርባቸውን ሰጥተዋት በተርታ ተቀምጠዋል። የዊላዲን ጥብጣብ ከጸጉሯ ወርዶ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ነጭ ኮሌታዋ በካቻፕ ርሷል። ኤልሮይ ጥግ ላይ ነው። ሁለት እጁ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቷል። ከኋላቸው የነጭ ጎረምሶች ተሰብስበዋል።

ሚስተር ካትካርት አያት። «ኦዜላ! አንቺ ነሽ እነዚህን የላክሽው?»

«ሁለቱ የእኔ ልጆች ናቸው፣ ሚስተር ካትካርት።»

«ውሰጃቸዋ! አሁኑኑ!»

«ራሳቸው ናቸው የመጡት ጌታዬ። እኔ ጃኬት ነው ያመጣሁት።»

ካትካርት ባንኮኒውን ዞሮ መጣ። ከዚያ በእጁ ጀርባ ቅርጫቱን መታው። ጃኬቶቹ ወለሉ ላይ፣ ካቻፑና ለስላሳው የፈሰሰበት ላይ ተበተኑ። ጎረምሶቹ ሳቁ። ኦዜላ ተንበረከከች። አንዱን አነሳች፣ አጠፈችው። ሁለተኛውን ስትይዝ ኤልሮይን የሚያህል አንድ ቢጫ ጸጉር ልጅ እጅጌው ላይ በጫማው ቆመ።

«ምን ሆንሽ ኦዜላ? አልነሳ አለሽ?»

ልጁን ታውቀዋለች። የሕፃንነት ልብሱን የተኮሰችው እሷ ናት።

ከተንበረከከችበት ሆና የሚታያት እግር ብቻ ነበር። ከወንበሮቹ ስር የተደረደሩ የእሑድ ጫማዎች፣ ሁሉም ተወልውለዋል። በጥጉ ወንበር የልጇ ቀኝ ተረከዝ ከእግር ማረፊያው ብረት ሲነሳ አየችው። ከፍ አለ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተወጠረ። ኦዜላ ወደ እሱ አልዞረችም። ቢጫ ጸጉሩን ልጅ ቀና ብላ አየችና፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣

«ሲመችዎ እግርዎን ያነሱልኛል» አለችው። «እኔ እንደሆን አልቸኩልም።»

ተረከዙ ባለበት ቆየ። ለኦዜላ ረጅም መሰላት። ከዚያ ወረደ፤ ብረቱን ሲነካ ድምፁ ተሰማት።

ጎረምሳው የሚያደርገው ቢጠፋው ጫማውን አነሳ። ኦዜላ የቀሩትን ለቀመች። የቆሸሸ ጃኬት ማጠፍ ምንም ጥቅም የለውም፤ እሷ ግን ሁሉንም አጠፈቻቸው፣ ቅርጫቱንም ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ካትካርት ከዛሬ ጀምሮ እንዳያያት ነገራት። «እሺ ጌታዬ» አለች። ፖሊሶቹ በፊት በር ሲገቡ እሷ በኋላ በር ወጣች። ወደ እስር ቤቱ የሚያቋርጠው መንገድ በዚያ በኩል ነው።

ያን ቀን አላስገቧትም። በማግስቱ ከጸሎት በኋላ ዲያቆን ፐርቪስ በመኪናቸው አደረሷት። አሁንም ቅርጫት ይዛለች፤ የተጠበሰ ዶሮና ብስኩት ነው ያለበት። መጀመሪያ የሴቶቹ ክፍል አለፈች። ዊላዲን በፍርግርጉ አሻግራ፣ «እማማ፣ ከሁለቱ አንዱን ልብስ ምንም ይዛ ላልመጣች ልጅ ሰጠኋት» አለቻት። ኦዜላ ከብስኩቱ ከፍላ ሰጠቻት።

የወንዶቹ ክፍል ጠባብ ነበር። ልጆቹ ወለሉ ላይ እግር በእግር ተነባብረዋል። ኦዜላ ከፍርግርጉ ፊት ስትቆም አንዱ አያትና ብድግ አለ። ሌላው ተከተለ። እየተገፋፉ፣ ግድግዳ እየተደገፉ፣ ሁሉም ተነሱ። በመጨረሻ የተነሳው ኤልሮይ ነው። ፖሊሶቹ በደረጃው ላይ ሲጎትቱት ጉልበቱ ተመትቷል፤ የሰው ትከሻ ይዞ ነው የቆመው።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አለች ኦዜላ።

«ልምምዱ አላለቀም እንዴ እማማ?»

«አልቋል። ና ተቀበለኝ፣ ከብዶኛል።»

እያነከሰ መጥቶ በምግብ መስጫው ቀዳዳ ዶሮውን በቁራጭ በቁራጭ ተቀበላት፤ ወደ ኋላም አሳለፈ። ከታች ክብ ቆርቆሮ አገኘ። ሳይከፍተው ሽታውን አወቀው።

«ሚስ ኦፌሊያ ልከውልህ ነው» አለች። «ለዚያ ለሚያምህ እግር።»

ኤልሮይ ሳቀና ወዲያው ጉልበቱን ይዞ ፊቱን አጨማደደ። «ውሸታችን ነበር ቢሏቸውስ?»

«ነገርኳቸው። የሆነ ሆኖ ይቀባ አሉ።»

ዲያቆን ፐርቪስ ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጊዜው አልቋል። ኦዜላ ባዶውን ቅርጫት ክንዷ ላይ አደረገች። ልጆቹ እሷ ኮሪደሩን ጨርሳ እስክትወጣ ድረስ ቆመው ቆዩ። የተቀመጠው ዘበኛው ብቻ ነበር።